መሬት የማይነካ ሸክም

ፓሴካን፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1997

ለምወድህ ወንድሜ ለዊርያ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ደህና ነን። እናታችን ሜሜ ደህና ናት፣ ሚስትህ ዴሲ ደህና ናት፣ አሳማዋ ሳትቀር ደህና ናት፤ እንዲያውም ከሁላችንም የደላት እሷ ናት። ልጅህ ፑስፓ አድጋለች። አባትሽ በአውሮፕላን ሄደ ብሎ ማን እንደነገራት እንጃ፣ ከጣሪያችን በላይ የሚያልፈውን ሁሉ «አባ!» እያለች እጇን ታውለበልብለታለች። መቼም አውሮፕላን ማረፊያ ሥር ለሚኖር ሰው የማያልፍ አውሮፕላን የለም፤ ጠዋትም ማታም እንግዳ እየጫኑ ይወርዳሉ። ቀኑን ሙሉ የልጅቷ እጅ አያርፍም።

ስለ ሥራው «እውነት ነው ወይስ እኔን ለማጽናናት ነው?» ብለህ ለጠየቅኸኝ፣ እውነት ነው። በአውሮፕላን ማረፊያው ማጉያ ስንቱን ውሸት ስለፍፍ እንደምውል ታውቃለህ፣ «በረራው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይነሣል» እያልኩ። ላንተ ግን አልዋሽም። ወረቀቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ። በአለቃችን በአቶ ሐርዮኖ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ስምህ በትልቁ ተጽፎበታል፣ «የሻንጣ ክፍል ተቆጣጣሪ» ይላል። የሚቀረው ፊርማ ነው። ጁን ላይ የመርከብ ውልህ ሲያልቅ ቤትህ ትገባለህ፣ ሁለተኛም ባሕር ላይ አትከራተትም።

ሜሜ ሰላምታ ያልላከችልህ አንተን ተቀይማ አይደለም። የተጣላችው ከአጥር ጋር ነው።

የሰሜኑን በር ታስታውሰዋለህ። አውሮፕላን ማረፊያው የአያቶቻችንን የኮኮናት መሬት ሲወስድ አንድ ቃል ተገብቶላቸው ነበር፤ በዓመት አንድ ቀን፣ የዝምታው ቀን ኒየፒ ሊገባ ሲል የአማልክቱን ምስል ባሕር አውርደን የምናጥብ ዕለት በሩ ይከፈታል፣ በማኮብኮቢያው ጫፍ በጥንቱ መንገዳችን እናልፋለን። ቃሉ እስካሁን ተከብሮ ኖሯል። አቶ ሐርዮኖ ግን ከዋናው ከተማ መጥቶ ዓመት ሳይሞላው አዲስ አጥር አጠረና በሩን በሰንሰለት ጠፈረው። ለባንጃራችን፣ ለሰፈሩ ማኅበር፣ ሹም «ሌላው መንደር አማልክቱን በጭነት መኪና ጭኖ በዋናው መንገድ ይዞራል፤ እናንተን ምን ለያችሁ?» አለው። ሜሜ ይህን ስትሰማ ምን እንዳለች ታውቃለህ? «አማልክቶቼ ሻንጣ ናቸው እንዴ የሚጫኑት?»

ትናንት አቶ ሐርዮኖ ቢሮው አስጠራኝ። «ድምፅሽ ደስ ይለኛል፤ ቤትም ውስጥ ተናገሪበት። እናትሽን አስረጃት። ወንድምሽ ሥራ ይፈልግ የለ?» አለኝ፣ እንደ አጎት እየሳቀ። እኔም እንደ እህት ልጅ ሳቅኩለትና ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ምግብ አልበላልህ ብሎኛል። አንተ ምን ትላለህ?

እህትህ ራስሚኒ


በመርከብ ላይ፣ ማያሚ ወደብ፣ ማርች 1 ቀን 1997

ለታላቅ እህቴ ለምቦክ ራስሚኒ፣

ሰላምታዬ ለሜሜ፣ ለዴሲ፣ ለአሳማዋም ጭምር ይድረስ። ባሕሩ አሁንም ያስመልሰዋል ብለሽ እንዳታስቢ፣ ተለማመድኩት፤ አሁን የሚያስመልሰኝ ወጡ ነው። ሩዝ እንደ ልብ ነው፣ ቃሪያው ግን የሆስፒታል ይመስላል። ከላክሽልኝ የሳምባል ድልህ የቀረኝ ጣት የሚያስነካ ብቻ ነው፣ እሱንም ከወጥ ቤቱ ሱዋርታ እደብቀዋለሁ።

ሥራዬ እንደሆነ ያው ነው፣ የሰው አልጋ አነጥፋለሁ። ሳነጥፍ ውዬ ፎጣውን አጥፌ ዝሆን እሠራና ትራሱ ላይ አስቀምጣለሁ። እንግዶቹ ይወዱታል። አንዲት አሮጊት ዝሆኗን ስማ ነው የምትተኛው አሉኝ። እኔ ከፑስፓ ጋር ያሳለፍኩት ጊዜ ለማያውቁኝ ሰዎች ዝሆን ካጠፍኩበት ጊዜ ያንሳል፤ ይህን ሳስብ እጄ ይቆማል።

ምቦክ፣ እግርሽ ላይ ወድቄ ልለምንሽ። ሜሜን በመኪና ትሂድ በያት። ባሕሩ ያው ባሕር ነው፣ ጨውም ያው ጨው ነው። አማልክቱ ይቅር ባዮች ናቸው፤ አቶ ሐርዮኖ ግን አይደለም። «አውሮፕላኑን ሁሉ አባ ትላለች» ብለሽ የጻፍሽው ላንቺ ያስቃል። እኔ ያነበብኩት የሰው አንሶላ እየጠቀለልኩ ነበር፤ እዚያው ፊቴን ሸፍኜ አለቀስኩ።

የምትኖሪው በአፍሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ አፍሽ ቤታችንን እንደሚያስጨንቅም አውቃለሁ። እስከ ጁን ብቻ ያዢልኝ። ስለ በረራ ተናገሪ፣ ስለ ሻንጣ ተናገሪ፣ ከዚያ ውጭ ዝም በይ። አንድ ቃል ብቻ ጻፊልኝ፤ እሺ በይኝ።

ወንድምሽ ዊርያ


ፓሴካን፣ ማርች 24 ቀን 1997

ለወንድሜ ለዊርያ፣

እሺ።

የጠየቅኸኝ አንድ ቃል ነው፣ ይኸውልህ። አሁን ደግሞ ያልጠየቅኸኝን ልጻፍልህ፤ አለዚያ ታንቄ እሞታለሁ።

ሜሜን «በመኪና ሂጂ» አልኳት። «ማን ነው ያለው?» አለችኝ። «ዊርያ» አልኳት። ቅጠል መቁረጧን ቀጠለችና «ዊርያ ልጅ ሆኖ ከጀልባ ወድቆ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ትንሽ ውሃ ጭንቅላቱ ውስጥ ቀርቶ ኖሯል» አለች። ከዚያ ወዲህ ስሜን ጠርታኝ አታውቅም። «የሐርዮኖ ማጉያ መጣች፣ የሐርዮኖ ማጉያ ሄደች» ነው የምትለኝ። ዴሲ እንኳ ትስቅብኛለች።

ባንጃሩ ተሰብስቦ በእግር እንሄዳለን ብሎ ቆርጧል። ዘንድሮ አማልክቱ ከመቅደሱ ሲነሡ የመጀመሪያዋ ተሸካሚ ሜሜ ናት። የኛን ደንብ ታውቃለህ፤ አማልክቱ አንዴ በራስ ላይ ከተነሡ ባሕር ሳይነኩ መሬት አይነኩም፣ ወደ ኋላም አይመለሱም። የደከመው ለሌላው ያሻግራል፣ ከራስ ወደ ራስ፣ እሱም የባንጃሩ ተወላጅ መሆን አለበት። «በሩ ተዘግቶ ብታገኙትስ?» አልኳት። «እቆማለሁ።» «እስከ መቼ?» አልኳት። «አንቺ የሰው በረራ ሲዘገይ እስከ መቼ ትያለሽ? እስኪከፈት ነዋ!»

ይህንኑ ለአቶ ሐርዮኖ ነገርኩት፣ ይገባዋል ብዬ። «አንገት የሥጋ ነው፤ ፀሐይ ሲከርባቸው ይበተናሉ» አለኝ። ሞኝ አይምሰልህ። ለዚያ ቀን የኛን ልጆች በሙሉ ፈረቃ አስገብቷቸዋል። ሻንጣ ጫኚው፣ ጠራጊው፣ ዘበኛው፣ እኔም ጭምር ሥራ ላይ ነን፤ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። ጎልማሳው አጥር ውስጥ ሲሆን ውጭ የሚቀረው የአሮጊትና የሽማግሌ አንገት ነው። እኔም መስኮት በሌላት ክፍሌ ተቀምጬ የሲድኒንና የቶኪዮን በረራ አነባለሁ።

ላንተ ስል ዝም እላለሁ ዊርያ። ለሌላ ለማንም ብዬ አላደርገውም፤ ይህን ዕወቅልኝ።

ራስሚኒ


ፓሴካን፣ ኤፕሪል 13 ቀን 1997

ለውድ ወንድሜ ለዊርያ፣

እንደምን ሰነበትክ፣ እንደምን ከረምክ፣ ጤናህ እንዴት ነው? እግርህስ? ጓደኛህ ሱዋርታስ ደህና ነው? እኛ ሁላችንም እጅግ በጣም ደህና ነን።

በዓሉ አልፏል። የኒየፒ ዕለት እንደ ወትሮው እሳት አልነደደም፣ መብራት አልበራም፣ ከደጅ የወጣ ሰው የለም፣ ደሴቱ ሁሉ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ትንሽ ዘግይቼ ነው እንጂ።

ስለ ወረቀትህ በሌላ ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ፤ ዛሬ እጄን አሞኛል። የሜሜ አንገት ትንሽ ተይዟል፣ በኮኮናት ዘይት እያሸናት ነው። ስሜን መጥራት ጀምራለች። ትናንት ማታ ከዓሣው ላይ ሆዱን ቆርሳ አጉርሳኛለች፤ አስበው እስቲ፣ ሆዱን!

ከእንግዲህ ደብዳቤ ስትጽፍልኝ በቤት አድራሻ ይሁን፤ በአውሮፕላን ማረፊያው አትላክ። እዚያ ደብዳቤ ይጠፋል። ሰው የሚያወራውንም አትስማ፤ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ወሬ ያብጣል። ፑስፓ ትስምሃለች።

እህትህ ራስሚኒ


በመርከብ ላይ፣ ናሳው ወደብ፣ ሜይ 4 ቀን 1997

ለምቦክ ራስሚኒ፣

እጅሽ እንዴት ነው? ተሻለሽ? ተሽሎሽ ከሆነ በእሱ እውነቱን ጻፊልኝ።

ከሀገራችን አዲስ የተቀጠሩ ልጆች መርከብ ላይ ወጡ። ገና ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ «የራስሚኒ ወንድም ማነው?» እያሉ ይጠይቃሉ። እኔ ነኝ ስላቸው አንዱ እጄን ጨበጠኝ፣ ሌላው ምሳ ልጋብዝህ አለኝ። ሱዋርታ ሰምቶ ከወጥ ቤት እየሮጠ መጣ፤ «እህትህ አውሮፕላን አስቆመች አሉ!» አለኝ። አንዱ ማኮብኮቢያው ላይ ተኝታ ነው ይላል፣ አንዱ የአብራሪ ቆብ ነጥቃ ነው ይላል። ሁሉም ግን አንድ ነገር ላይ ተስማምተዋል፤ ድምፅሽን ሰምተዋል፣ ሥራሽም የለም።

አንቺ ደግሞ ስለ ዓሣ ሆድ ትጽፊልኛለሽ!

እሺ ብለሽኝ አልነበር? በእጅሽ ጽፈሽ፣ ብቻውን በአንድ መስመር፣ «እሺ» አላልሽም? ያንን ወረቀት ኪሴ ውስጥ ይዤው ነበር የምዞረው። እዚህ ሰዎች ለመዝናናት ደሴት ፍለጋ ይመጣሉ፤ እኔ የራሴ ደሴት እያለኝ መግቢያ የለኝም። አንድ መግቢያ ነበረኝ፣ እሱንም በማጉያ አስጮህሽብኝ። ለዴሲ ምን ብዬ ልጻፍላት? ለልጄስ ማን ይነግራታል?

ተቆጥቻለሁ፣ አልደብቅሽም። ምን እንዳልሽ ቃል በቃል ጻፊልኝ። ቢያንስ በምን ዋጋ እንደተሸጥኩ ልወቅ።

ዊርያ


ፓሴካን፣ ሜይ 23 ቀን 1997

ለወንድሜ ለዊርያ፣

ቁጣህ ደርሶኛል፤ ይገባሃል፣ አልከራከርህም። የዘገየሁት ፈርቼ ነው። አቶ ሐርዮኖን አልፈራሁም፣ ያንተን ደብዳቤ ግን ፈራሁ። አሁን እንግዲህ ሁሉንም ልንገርህ።

ማኮብኮቢያ ላይ አልተኛሁም፤ እንኳን ልተኛ አላየሁትም። ያን ቀን ምንም ነገር በዓይኔ አላየሁም። ክፍሌ መስኮት እንደሌላት ታውቃለህ። ጠዋት የሰማሁት የሰልፉን የነሐስ ደወል፣ ጎንጉን ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ እየቀረበ መጣ፣ በሰሜን በኩል ቆመ። ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሰም። እኔ የሲድኒን አነባለሁ፣ ጎንጉ ይመታል። የቶኪዮን አነባለሁ፣ ጎንጉ ይመታል። እሺ ብዬሃለሁና ዝም አልኩ። እውነቴን ነው ዊርያ፣ ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ጠራጊዋ ምቦክ ካስቲ ቆሻሻ ልታነሣ ገባች። ቅርጫቱ ባዶ ነበር፤ እሷም አላየችውም። «ራስሚኒ፣ ሰው አልቋል» አለችኝ።

«እንዴት አልቋል?»

«ሽማግሌዎቹ ሁሉ ተራቸውን ተሸክመዋል። ሹሙን ጉልበቱ ከድቶት ደግፈው አስቀመጡት። እናትሽ ለሦስተኛ ጊዜ ወስዳለች፤ የሚቀበላት የለም።»

«ለዘበኞቹ አትሰጥም?»

«ዘበኞቹ አጥር ውስጥ ናቸው፣ እሷ አጥር ውጭ ናት። አቶ ሐርዮኖ ጥላ ሥር ቆሞ የሎሚ ጭማቂ ይጠጣል። ‹ይደክማቸዋል አላልኳችሁም?› እያለ ነው።»

ዊርያ፣ ሜሜ ብትወድቅ የምትወድቀው እሷ ብቻ አይደለችም። አያቶቻችን ያነሡት ሁሉ አቶ ሐርዮኖ እግር ሥር ነው የሚያርፈው። ላንተ ስል ዝም ለማለት ምዬ ነበር፤ ሜሜ ቆማ ግን አልቻልኩም። ማጉያውን ከፈትኩ። እንዲህ ነው ያልኩት፣ መጀመሪያ በራሳችን ቋንቋ፦

«የፓሴካን ባንጃር ልጆች፣ የፓሴካን ባንጃር ልጆች። አማልክታችን በሰሜኑ በር ቆመዋል፤ የሚሸከም ራስ ጎድሏል። ባላችሁበት ሥራችሁን ትታችሁ ውጡ። ይህ የመጨረሻ ጥሪ ነው።»

ከዚያም እንግዳ ግራ እንዳይገባው ብዬ በእንግሊዝኛ ደገምኩት፤ ሳይተረጉሙ መተው ሙያዬ አይደለም። «ክቡራን መንገደኞች፣ ሻንጣዎቻችሁ ይዘገያሉ። ዛሬ አማልክቶቻችን ይቀድማሉ። ለትዕግሥታችሁ እናመሰግናለን» አልኩ።

የቀረውን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። ጫኚዎቹ የሰው ሻንጣ ከጋሪ ላይ ትተው ወጡ፤ የሻንጣ ማዞሪያው ባዶውን ሲዞር ዋለ። ጠራጊዎቹ መጥረጊያቸውን ግድግዳ አስደግፈው ወጡ። ሻይ ቤቱ ሻዩን እሳት ላይ ጥሎ ወጣ። ከመንገደኛውም ግማሹ ካሜራውን ይዞ ተከተለ፤ አንዲት ሴትዮ አቶ ሐርዮኖን እጁን ይዛ «ይህ ሙዚቃ በየቀኑ አለ?» ብላ ጠየቀችው አሉ።

በሩ ላይ የነበረው ዘበኛ የአጎታችን ልጅ ሱዳና ነው። አቶ ሐርዮኖ «መልሳቸው!» ብሎ ጮኸበት። ሱዳና ቆቡን አውልቆ ራሱ ላይ ነጭ ጨርቅ አሰረ። ከዚያ ቁልፉን ከወገቡ ፈትቶ በሁለት እጁ ለአቶ ሐርዮኖ ሰጠውና በትሕትና «ጌታዬ፣ እኔ ሸክም ልቀበል ነው፣ እጄ አይመቸኝም፤ እርስዎ ይክፈቱልን» አለው።

ያ ሁሉ ሰው እያየው፣ ያ ሁሉ ካሜራ እያየው፣ በገዛ እጁ ከፈተ።

ሜሜ አጠገቡ ስትደርስ «በረራ አዘግይተንብህ ከሆነ ይቅርታ» አለችው ይላሉ። እኔ አላምንም፤ ይቅርታ የሚል ቃል ከሜሜ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ለሱዳና ያሻገረችው ከበሩ ካለፈች በኋላ ነው፤ በሩን ያለፈችው አማልክቱን በራሷ ላይ እንደያዘች ነው። ይህን ግን አምናለሁ።

በማግስቱ አቶ ሐርዮኖ ጠራኝ። አልጮኸም። የተጻፈ ወረቀት አቀረበልኝ፤ የባንጃሩ ሽማግሌዎች አስገድደውኝ ነው የተናገርኩት ይላል፣ ስማቸው በየተራ ተጽፏል። «ፈርሚ፤ ሥራሽ አለ፣ የወንድምሽም አለ» አለኝ። «ጌታዬ፣ እዚህ ቤት የሰጡኝን ሁሉ ሳነብ ኖሬያለሁ፤ ይህችን ግን አላነብም» ብዬው ወጣሁ። በሚቀጥለው ዓመት በሩን በድንጋይ እደፍነዋለሁ ብሏል አሉ። ይድፈና! ድንጋይም የሚያነሣው የኛው ሰው ነው።

አሁን ከሰሜኑ በር ፊት ለፊት ሙዝ እጠብሳለሁ። ጫኚዎቹ ሁሉ ምሳቸው እኔ ዘንድ ነው። «የመጨረሻ ጥሪ ለሙዝ!» ስል ማጉያ ሳይኖረኝ እስከ አቶ ሐርዮኖ ቢሮ ይሰማል፣ ሆነ ብዬም ወደዚያው ዞሬ ነው የምጮኸው።

ይቅርታ አልጠይቅህም። ብጠይቅህ ውሸት ይሆናል፤ ሜሜ ነገም በሩ ላይ ብትቆም ነገም እናገራለሁ። ቃሌን ግን አፍርሼብሃለሁ፣ ዕዳው የኔ ነው። ስለዚህ የፊርማውን ነገር ላንተ እተወዋለሁ። አቶ ሐርዮኖ የሥራ ወረቀትህን በመርከቡ አድራሻ ልኮልሃል፤ ማኅተም አለው፣ ፊርማ የለውም። የኔ ፊርማ ሲመጣ የሱ ይከተላል። ፈርሚ ካልከኝ እፈርማለሁ። ከዚያ በኋላ በባንጃሩ ውስጥ ፊቴን ወዴት እንደማዞረው የኔ ጉዳይ ነው፤ ስሞትም ሬሳዬን ማን እንደሚያነሣው አልጠይቅህም።

ሜሜ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ናት። «ምን ልበልልሽ?» ስላት «የፈለገውን ይወስን፤ ልጄ ነው» አለችኝ። አንገቷን ወደ ግራ ማዞር እስካሁን አትችልም።

ራስሚኒ


በመርከብ ላይ፣ ማያሚ ወደብ፣ ጁን 15 ቀን 1997

ለታላቅ እህቴ ለምቦክ ራስሚኒ፣

በመጀመሪያ «በምን ዋጋ እንደተሸጥኩ» ብዬ የጻፍኩትን ቃል መልሼ እወስደዋለሁ። ያን ደብዳቤ እሳት ውስጥ ክተቺው፤ ሙዝ ይጠበስበት።

ወረቀቱ ደርሶኛል። ምን ተሰማህ ብትዪኝ፣ ልቤ ዘለለ። ስሜን እንደዚያ አምሮ ተጽፎ አይቼው አላውቅም። አልዋሽሽም ምቦክ፣ ያንን ይዤ «ፈርሚ» ብዬ ጽፌልሽ ነበር። አድራሻውንም ጽፌበት ነበር። የቀረኝ መላክ ነበር።

ያን ዕለት አልጋ እያነጠፍኩ ድንገት አንድ ነገር መጣብኝ። እኔ የሻንጣ ክፍል ተቆጣጣሪ ነኝ እንበል፤ ኒየፒ ደረሰ፣ ሜሜ በሩ ላይ ቆመች። ጫኚዎቹ ጋሪያቸውን ጥለው ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ቆሞ «ወዴት? ተመለሱ!» የሚላቸው ማነው? ተቆጣጣሪው ነዋ! እኔ ነኝ! ሰውዬው ሥራ አልሰጠኝም ምቦክ፤ ሁለተኛ አጥር ሊያደርገኝ ነው የፈለገው። አጥር ሆኜ ቤቴ ከምገባ ሰው ሆኜ ባሕር ላይ ብቆይ ይሻለኛል። ሱዋርታን ብጠይቀው «ይህን ለመረዳት ይህን ያህል ጊዜ ፈጀብህ?» ብሎ ሰደበኝ። የሜሜ ነገር እውነት ነው፤ ያ ውሃ ጭንቅላቴ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

ስለዚህ አትፈርሚ። ለኔ ብለሽ እንዳትፈርሚ፤ ብትፈርሚ ነው የምቀየምሽ።

ለመርከቡ አዲስ ውል ፈርሜያለሁ። ለዴሲ ለብቻዋ ጽፌላታለሁ፤ ታለቅሳለች፣ አይዞሽ በያት፣ ሙዝ ስጫት። እኔም አልቅሻለሁ። ነገር ግን ቀኑን አስልቼ ነው የተዋዋልኩት፤ የሚቀጥለው ዓመት ኒየፒ ሳይገባ ውሌ ያልቃል፣ በገዛ እግሬ እመጣለሁ፣ ሥራ ካጣሁ ካንቺ ጋር ሙዝ እልጣለሁ። በሩ በድንጋይ ተደፍኖ ከጠበቀንም ሜሜ ብቻዋን አትቆምም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለፑስፓ የወረቀት ዝሆን ልኬላታለሁ። ጠንካራ ወረቀት ስለሆነ ጥሩ ቆሟል። ሆዱን ገልጠሽ ብታዪው የአቶ ሐርዮኖ ማኅተም አለበት፤ ፊርማ ግን የለበትም፣ ስለዚህ ትጫወትበት። አውሮፕላን አልፎ «አባ!» ስትል ከእንግዲህ ዝም አትበሏት። «ይሄኛው አይደለም፤ እሱ ይመጣል» በሏት።

ለሜሜ ደግሞ አንድ ነገር ንገሪልኝ። ጠዋት ጠዋት የንጹሕ ፎጣ ክምር በእጄ መያዝ ትቻለሁ፤ በራሴ ተሸክሜ ነው መተላለፊያውን የምሄደው። እንግዶቹ ትርዒት መስሏቸው ያጨበጭባሉ፣ አለቃዬ አበድክ ወይ ይለኛል፣ እኔ ግን አንገቴን እያለማመድኩት ነው። መርከቡ ይወዛወዛል፣ እኔም አብሬው እወዛወዛለሁ። ክምሩ እስካሁን መሬት አልነካም።

ወንድምሽ ዊርያ